ዛሬን ይይዛል

መርካቶ ውስጥ «ከሰል ነበር የምሠራው» ስል ለሰው ሁሉ የሚታየው በማዳበሪያ የታሰረ የእንጨት ከሰል ነው። «የት ተራ ነበር የምትሸጠው?» ይሉኛል። የድንጋይ ከሰል ነው፣ ከተራራ ተቆርጦ የሚወጣው፣ ሲሚንቶ ፋብሪካ የሚነደው ብዬ ሳስረዳ ደግሞ «እሱ እኛ አገር አለ እንዴ?» ይላሉ። አለ። ሳንባዬ ውስጥም አለ። ሐኪሙ ፎቶውን መብራቱ ላይ ለጥፎ በእስክሪብቶው እየጠቆመ አሳይቶኛል። ከዚያ በኋላ የከሰል ቁፋሮው ድርጅት አንድ ብርድ ልብስና አንድ የምስጋና ወረቀት ሰጥቶ አሰናበተኝ። ወረቀቱ ላይ የአባቴን ስም ተሳስተው ነው የጻፉት። ብርድ ልብሱ ግን ጥሩ ነው፣ ይሞቃል።

አሁን ጭድ ተራ አካባቢ አንድ የፕላስቲክ ዕቃ መጋዘን በር ላይ ወንበር ይዤ እውላለሁ። ዘበኛ ነኝ መባሌ ነው። ሌባ ቢመጣ የማደርገው ነገር ቢኖር መጮህ ነው፣ እሱንም ሳሉ ካልቀደመኝ። የሰፈር ሰው አልፎ ሲሄድ «ተካ፣ የዚያ አገር ሥራ እንዴት ነበር?» ይለኛል። «ደህና ነበር» እላለሁ። ረጅሙን መልስ ቆሞ የሚሰማ የለም። ረጅሙ መልስ ይኸው።

ሥራውን ያመጣልን የእህል መኪና ሹፌር ነው። ያኔ ጓደኛዬ ሰይድና እኔ እህል በረንዳ ኩሊዎች ነበርን። ጤፉን ከመኪና ወደ መጋዘን፣ ስንዴውን ከመጋዘን ወደ መኪና። ሰይድ ሲያዩት ቀጭን ነበር፣ ኩንታል ሲሸከም ግን ትራስ የያዘ ይመስላል። እናቱ እትዬ ዘሀራ ከወሎ መጥተው አንዋር መስጊድ ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ቅመም ይሸጣሉ። ከቤቴ ይልቅ እሳቸው ቤት ነበር የምበላው። በጾም ወራት ለእኔ ለብቻዬ ሽሮ ይሠሩልኛል፣ በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ ደግሞ ከሰይድ እኩል ቀርቤ ሳምቡሳውን እሻማለሁ።

ሹፌሩ ጭነቱን እያራገፍን ሳለ ከመኪናው ሥር ጥላ ላይ ተቀምጦ፣ «እዚህ ወገባችሁን ከምትሰብሩ ወደ ምዕራብ ሂዱ» አለን። «የድንጋይ ከሰል እየተቆፈረ ነው። ፋብሪካዎቹ ከውጭ ማስገባቱ ቢያቅታቸው የአገሩን ይሻማሉ። ማደሪያ አለ፣ ቀለብ አለ።»

ሰይድ ያን ቀን ወደ ቤት ስንሄድ ወስኖ ነበር። እትዬ ዘሀራ ሲሰሙ እጃቸው ላይ የነበረውን ወንፊት አስቀመጡ።

«መሬት ውስጥ የሚገባው የሞተ ሰው ነው» አሉ።

«እማ፣ ጉድጓድ አይደለም እኮ! ተራራውን ከጎን ነው የሚቆርጡት፣ ሰማይ ይታያል።»

እውነቱን ነው፣ ሰማይ ይታያል። ሄደን አየነው።

ቦታው ደን የበዛበት፣ ዝናቡ ወር ከወር የማይጠፋበት ተራራ ነው። ከላይ ያለውን አፈርና ድንጋይ ኤክስካቫተር ይገፍፈዋል። ከሥሩ ጥቁሩ ንብርብር ይወጣል። እኔ ተራራው ሁሉ ከሰል መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከሰሉ በሁለት የሸክላ አፈር ንብርብር መካከል፣ በዳቦ መሃል እንዳለ ሥጋ የተኛ ቀጭን ነገር ነው። ማሽኑ ጥርሱን ሲሰድድበት ሸክላውንም ከሰሉንም አንድ ላይ ያፍሰዋል፤ ሸክላ የበዛበትን ጭነት ደግሞ ፋብሪካው በር ላይ አይቶ ይመልሰዋል። ስለዚህ ጥቁሩ ሲቃረብ ማሽኑ ይቆምና እኛ በዶማና በዲጂኖ እንገባለን። ደህና ከሰል እጅ ላይ ቀላል ነው፣ ሲሰበር ፊቱ እንደ ጠርሙስ ያበራል። መጥፎው ይከብዳል፣ ይደበዝዛል፣ በጥፍር ሲፍቁት ጭቃ ይሆናል። ጥቂት ወር ከሠራሁ በኋላ ዓይኔን ጨፍኜ በክብደቱ ብቻ እለየው ነበር። ከዚያ የተረፈው ኑሮ ነው። የምንተፋው ጥቁር ነው፣ ዳቦው ላይ የጣታችን አሻራ ይቀራል፣ ሸሚዝ ታጥቦ የሚወጣው ውሃ ሦስተኛውም ጊዜ ጥቁር ነው። አፍንጫ መሸፈኛ ተሰጥቶን ነበር። አንዱ ለስንት ጊዜ እንደሚሆን ግን ማንም አልነገረን፤ እስኪቀደድ አደረግነው፣ ከተቀደደ በኋላም አደረግነው።

የቡድናችን አለቃ ጋሽ ኤርጫፎ የሚባሉ የከምባታ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ድንጋይ ሲፈነቅሉ፣ ወርቅ ቁፋሮም ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ስለ እኝህ ሰው ልማድ ማውራት ከጀመርኩ አላቆምም። ጠዋት ማንም ወደ ቁፋሮው ሳይወርድ ብቻቸውን ከላይ ይወጣሉ። ተራራው ተቆርጦ የቆመውን ግድግዳ አናት ዳር ዳሩን ይዘው፣ መሬቱን እያዩ፣ አንዳንዴ ተንበርክከው በመዳፋቸው እየዳበሱ ይሄዳሉ። ስንጥቅ ካገኙ ጭቃ አቡክተው ይለስኑበታል። ጭቃው በነጋታው ከተሰነጠቀ መሬቱ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው፤ ያን ቀን በዚያ በኩል ሥራ የለም። ከዚያ ወርደው ግድግዳውን በዲጂኖ ጫፍ ይመቱታል። «ቅን» ካለ ደህና ነው፣ «ዱብ» ካለ ውስጡ ለቋል። ይህን ሁሉ እስኪጨርሱ ሰላምታ እንኳ አይመልሱም። ከጨረሱ በኋላ ወደ እኛ ዞረው፣ «እንዴት አደራችሁ?» ይላሉ። ይህች ሰላምታ ለእኛ «ግቡ» ማለት ነበረች።

ምሳ ሲበሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነው። አንድ ቀን ሰይድ ወደ ሸለቆው ዞሮ፣ አገሩን እያየ ዳቦውን ይገምጣል። ከኋላው መጡና ትከሻውን ይዘው አዞሩት።

«ጀርባህን ለምን ሰጠኸው?» አሉት።

«ምሳ ሰዓት ነው እኮ ጋሼ፣ አርፈን የለም እንዴ?»

«አንተ ነህ ያረፍከው። እሱ መቼ አረፈ?»

ከዚያ ወዲህ ሰይድ እስኪሞት ድረስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ በላ።

ኋላ ላይ ድርጅቱ ምሕረት የምትባል ጂኦሎጂስት ቀጠረ። ገና ሳትመጣ «ሴት ልጅ ደግሞ እዚህ ምን ልትሠራ?» ያሉ ነበሩ። ጋሽ ኤርጫፎ ግን በመጀመሪያው ቀን ይዘዋት ከላይ ወጡ። እሷ በመሣሪያዋ ትለካለች፣ እሳቸው በመዳፋቸው ይዳብሳሉ፣ ከዚያ ሁለቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይከራከራሉ። አንድ ጊዜ የከሰሉ ክምር ከውስጡ መጨስ ሲጀምር ሁላችንም ባልዲ ይዘን ስንሮጥ፣ «ውሃ አታድርጉበት፣ በትኑት!» ብላ የጮኸችው እሷ ናት። ጋሽ ኤርጫፎም ወዲያው አካፋ አንስተው መበተን ጀመሩ። «ይህን አላውቅም ነበር» አሏት፤ እኔ ቆሜ ሰምቻለሁ። ከእሳት ጋር በተያያዘ እንዲህ ማለት አልከበዳቸውም። ግድግዳው ላይ ግን ከበዳቸው።

የቁፋሮ ጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ታደለ ይባላል። «አቶ» ማለቱን ትቼዋለሁ። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ እንጠነቀቀው ነበር። ይስቃል፣ ስማችንን በሙሉ ያውቃል፣ በግ ያርድልናል። የሚፈራው ስልኩን ብቻ ነበር። ከአዲስ አበባ ሲደውሉለት ቆሞ ነው የሚያወራው።

በዚያ ክረምት ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተ። ንጹሑ ከሰል የተገኘው በግድግዳው እግር ሥር ነው፤ እሱን ለማውጣት እግሩን ወደ ውስጥ መቁረጥ ያስፈልግ ነበር። አንድ ጠዋት ምሕረት ጃኬቷ ውሃ እያንጠባጠበ ከላይ ወርዳ፣ «ዛሬ ማንም አይገባም» አለች። ታደለ መጣ። እኛ ዶማችንን ይዘን ቆመናል። ያልሠራ አይከፈለውም፣ እናም እውነቱን ለመናገር ግማሹ ሰው የተቆጣው በእሷ ላይ ነው።

«ግድግዳው ያው ነው» አላት ታደለ። «ምን አየሽ?»

«ፊቱ ያው ነው። ከከሰሉ ሥር ያለው ሸክላ ግን ውሃ ጠጥቶ ረጥቧል። ከላይ ሳይሆን ከታች ነው የሚንሸራተተው።»

ታደለ ወደ ጋሽ ኤርጫፎ ዞረ። ሁላችንም እየሰማን፣ «ጋሽ ኤርጫፎ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለ።

እሳቸው ከላይ ወጥተው ወርደዋል። የለሰኑት ጭቃ አልተሰነጠቀም። ዲጂኗቸውን አንስተው አንዴ መቱ። «ቅን» አለ። ሌላ ቦታ መቱ። «ቅን» አለ።

«ዛሬን ይይዛል» አሉ።

«ጋሼ፣» አለች ምሕረት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጭቃው ያልተሰነጠቀው በዝናቡ እርጥብ ስለሆነ ነው። እርጥብ ጭቃ ይለጠጣል እንጂ አይሰነጠቅም።»

አዩዋት። የሰሟት መሰለኝ፣ ሊመልሱም የፈለጉ መሰለኝ። ግን የሰው ሁሉ ዓይን እሳቸው ላይ ነው። ይህን ያህል ዓመት አንድም ቀን ሳይሳሳቱ ኖረዋል።

«ይይዛል፣ ልጄ» አሉ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው፣ «እንዴት አደራችሁ?» አሉን።

ገባን። ረፋዱ ላይ ሰይድ ግድግዳው እግር ሥር ነው፣ እኔ ጋሪውን ይዤ ወደ ክምሩ ሄጃለሁ። ሰዎች ሲያወሩ «እንደ ነጎድጓድ ጮኸ» ይላሉ። ምንም አልጮኸም። እንደ እርጥብ ጆንያ ነበር ቁጭ ያለው። ዞር ስል የነበረው ግድግዳ የለም፣ ሰይድ የነበረበት ቦታም የለም።

ኤክስካቫተሩ ሊገባ ሲል ጋሽ ኤርጫፎ የማሽኑ ጥርሳም ባልዲ ፊት እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። «በጥርሱ ትቆርጠዋለህ! በእጅ! በእጅ ቆፍሩ!» ይላሉ። በእጅ ቆፈርን። ጥፍራችን ተነቀለ። ድምፁን እንሰማ ነበር። እሱን ነው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ማውጣት ያቃተኝ። «ተኬ፣ እዚህ ነኝ» ይላል። የቸኮለም አይመስልም፣ ከሌላ ክፍል የሚጣራ ሰው ይመስላል። «መጣሁ፣ መጣሁ» እለዋለሁ። ክንዴን እስከ ትከሻዬ አስገብቼ ጨርቅ ነካሁ፤ የእሱ ጃኬት ይሁን ወይም ሌላ ነገር አላወቅኩም። ከዚያ ምሕረት ከላይ «ውጡ! ውጡ!» ብላ ስትጮህ አንድ ሰው ከኋላ ወገቤን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተኝ። ጋሽ ኤርጫፎ ናቸው። ታገልኳቸው፣ በክርኔ ፊታቸውን መታሁ፣ አልለቀቁኝም። ሁለተኛው ናዳ እኔ የነበርኩበት ላይ ወረደ። ከዚያ በኋላ ድምፅ አልነበረም።

አስከሬኑን ያገኘነው ከሰዓት በኋላ ነው። በፒክአፕ ይዤው አዲስ አበባ ገባሁ። አንዋር መስጊድ ተሰግዶበት ተቀበረ። እትዬ ዘሀራ አላለቀሱም። አብዛኛው ለቀስተኛ ከሄደ በኋላ እኔን ጠርተው፣ «ማነው ግባ ያለው?» ብለው ጠየቁኝ። ከእኔ በፊት ታደለ መለሰላቸው። ለለቅሶ መጥቶ እዚያው ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። «ሽማግሌው ናቸው ይይዛል ያሉት። ሁላችንም እሳቸውን ነበር የምናምነው» አለ። ዓይኑ እንባ ነበረበት።

ጋሽ ኤርጫፎ ተባረሩ። ታደለ ወደሚበልጥ ጣቢያ ተዛወረ። ምሕረት አስቀድማ ያለችውን ጽፋ ለዋናው መሥሪያ ቤት ብታቀርብ «በሥራ ባልደረቦችሽ መካከል መተማመን አጥፍተሻል» ተባለች፤ ሥራውን ጥላ ሄደች። የቡድን አለቃነቱን ለእኔ ሰጡኝ።

ከወራት በኋላ ፈቃድ ወጥቼ መርካቶ ሳለሁ ጋሽ ኤርጫፎ እህል በረንዳ መጥተው ስሜን ጠርተው አጠያየቁ። በጣም ከስተዋል። «እናቱ ዘንድ ውሰደኝ» አሉኝ። «ይቅርብዎት ጋሼ» አልኩ። «ውሰደኝ» አሉ። ወሰድኳቸው።

እትዬ ዘሀራ ሱቃቸው በር ላይ በርበሬ እያበጠሩ ነበር። ጋሽ ኤርጫፎ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ።

«እኔ ነኝ ይይዛል ያልኩት» አሉ።

እትዬ ዘሀራ ቀና ብለው አዩዋቸው።

«ሲጠይቁዎት ሌላ ምን ማለት ይችሉ ነበር?»

«አላውቅም ማለት እችል ነበር።»

«ታዲያ ለምን አላሉም?»

ባርኔጣቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

«በሉ ይሂዱ» አሉ እትዬ ዘሀራ። «ሁለተኛ እዚህ እንዳይመጡ።»

እስከ መኪና መሳፈሪያው ሸኘኋቸው። አገራቸው ገብተው ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። ልጃቸው ደውላ ነገረችኝ፣ «አባዬ መብላት ትቶ ነበር» ብላ።

እኔ ሥራዬን ቀጠልኩ። ምን ልሥራ? ከዚያ ጣቢያ ወደ ሌላ፣ ከሌላው ወደ ሌላ ተዛወርኩ። ጋሽ ኤርጫፎ ያስተማሩኝን ሁሉ አደርግ ነበር፣ በላዩ ላይ ምሕረት ያለችውን ጨመርኩ፦ ከታች ያለውን ሸክላ በእጄ አፍሼ እጨምቀዋለሁ፣ ውሃ ካወጣ አላስገባም። «ይይዛል ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ ደግሞ ካላወቅኩ «አላውቅም» እላለሁ። አለቆች ይህን ቃል አይወዱም። ሁለት ቦታ ላይ አለቃነቱን የነጠቁኝ በዚህ ቃል ነው። «ቆራጥነት ይጎድለዋል» አሉኝ። ሰው ግን አልሞተብኝም። ለዚህ የምስጋና ወረቀት አልተሰጠኝም፤ ያልሞተ ሰው አይታይምና።

ባለፈው ክረምት ታደለን አንዋር አካባቢ አገኘሁት። ልጁን ሊድር ዕቃ እየገዛ ነበር። ፀጉሩ ነጥቷል። እኔ አይቼ ላልፍ ስል እሱ ለየኝና አቀፈኝ።

«ተካ! አለህ? ከስተሃል እኮ!»

«አለሁ።»

«ያ ሽማግሌስ? ጋሽ ኤርጫፎ?»

«ሞተዋል። ድሮ።»

«ነፍስ ይማር። ደግ ሰው ነበሩ።» ራሱን ነቀነቀ። ያ የስልኩ ሥጋት ከላዩ ከወረደ ቆይቷል፣ ሲያወራ ቅልል ብሎት ነበር። «እሳቸው ባይኖሩ እኮ የምጠየቀው እኔ ነበርኩ።»

አስቤበት አልነበረም፤ ከአፌ ወጣ። «ያን ቀን ጋሽ ኤርጫፎ አይይዝም ቢሉዎት ኖሮ ሥራውን ያስቆሙት ነበር?»

ዕቃውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«አይ ተካ፣ አንተም ታውቀዋለህ። ከፋብሪካው መኪኖቹ ተነስተው መንገድ ላይ ነበሩ። በምን አፌ ነው የምመልሳቸው? ማስገባቴ አይቀርም ነበር። የጠየቅኳቸው እንዲያው ለደንቡ ነው፣ ሠራተኛው እንዲረጋጋ።»

ይህን ሲል አላፈረም። የድሮ ጨዋታ የሚያነሳ ሰው ይመስል ነበር። ለሠርጉ እንድመጣ ጋበዘኝና ትከሻዬን መታ አድርጎ ሄደ። ልሰድበው ነበር፣ ልይዘው ነበር፤ ሳሉ ያዘኝ። ግድግዳ ተደግፌ ስስል ሰው መሃል ጠፋ።

ቀጥዬ ወደ እትዬ ዘሀራ ሱቅ ሄድኩ። ለአንዲት ደንበኛ ኮረሪማ እየመዘኑ ነበር። አጠገባቸው ተቀምጬ የሰማሁትን እንደሰማሁት ነገርኳቸው። ሚዛኑ ላይ ያለው እጃቸው ቆመ።

«ብሎ ነገረህ? በአፉ?»

«በአፉ።»

«እኒያ ሽማግሌ አይሆንም ቢሉም ባይሉም ልጄን ያስገባው ነበር?»

«ያስገባው ነበር፣ እትዬ።»

ደንበኛዋ እኔንም እሳቸውንም ተራ በተራ ታያለች። ከዚያ፣ «ሽማግሌው ልጅ አላቸው አላልከኝም?» አሉ።

«አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው።»

«ደውልና ስጠኝ።»

ደወልኩ። ስልኩን ተቀብለው ጆሮአቸው ላይ በሁለት እጃቸው ያዙት።

«እኔ የሰይድ እናት ነኝ» አሉ። ትንሽ ጠበቁ። «አዎ፣ የሰይድ። ስሚኝ ልጄ፣ አባትሽ ልጄን አልገደሉም። ያኔ አላወቅኩም ነበር፣ አሁን አውቄያለሁ። አልገደሉም።»

ከዚያ አዳመጡ። ከወዲያ በኩል ያለው ለእኔ አይሰማኝም። ጨርሰው ስልኩን ሲመልሱልኝ፣ «ምን አለችዎት?» አልኳቸው።

«‹አባዬ ይህን ለመስማት ነበር እርስዎ ዘንድ የመጣው› አለችኝ።»

ኮረሪማውን መመዘን ጀመሩ፣ ግን ሚዛኑን ማስተካከል አቃታቸው። ደንበኛዋ ራሷ ይዛ መዘነችው።